ቫርትቡርግ፦ አንዱን የሸሸገ፣ ሌላውን ያሰረ ግንብ

ቫርትቡርግ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ክፍል ለማየት ነው የሚሄደው። ማርቲን ሉተር ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመባትን ክፍል። እኔም ለዓመታት ላያት ስመኝ የነበረው እሷን ነው። አየኋት፤ ደስም አለኝ። ከግንቡ ከወጣሁ በኋላ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በግቢው ጫፍ የቆመው የደቡቡ ማማ። ስለ እሱ ብዙ ሰው ሲያወራ አልሰማሁም። ስለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት መጥታ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የሚታይ ያልኩትን ሁሉ አሳየኋት። አንድ ቀን ግን፣ «ልጄ፣ ሱቅ ለሱቅ ከምታዞሪኝ አንድ ቁም ነገር ያለው ቦታ ውሰጂኝ» አለች። ቅዱሳን የኖሩበት ቦታ ቢሆን ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። ቫርትቡርግ ደግሞ የሉተር ብቻ አይደለም፤ ቅድስት ተብላ የምትጠራ ልዕልትም ኖራበታለች። ይህን ስነግራት ወዲያው ተስማማች።

ከፍራንክፈርት በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። እማዬ ተኛች፣ እኔ በመስኮት አየሁ፣ አይዘናኽ ደረስን።

አይዘናኽ በጀርመን መሃል፣ በቱሪንገን ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 የተወለደው እዚህ ነው። ሉተርም በልጅነቱ እዚህ ተምሯል። የምሥራቅ ጀርመን አካል በነበረችበት ዘመን «ቫርትቡርግ» የምትባለው መኪና የምትሠራው በዚህችው ከተማ ነበር፤ ምርቷ የቆመው በ1991 ነው። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ ወገኖቻችን ስሙን ሲሰሙ መጀመሪያ የምትመጣላቸው መኪናዋ ልትሆን ትችላለች። ስሟን ያገኘችው ግን ከከተማው በላይ፣ ጠባብ ኮረብታ ላይ ከተቀመጠው ግንብ ነው።

ማደሪያችን በጣም አበሳጭቶኛል። ስሙን አልጠራም። ከገበያው አደባባይ ጀርባ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ፎቶው ላይ ያምራል። ማሞቂያው አይሠራም። ስደውል የሚያነሳ የለም። የጥቅምት መጨረሻ ስለነበር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጎረቤት ክፍል የገቡ ወጣቶች እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲዘፍኑ አመሹ። ደግነቱ እማዬ ጋቢዋን ሳትይዝ አትንቀሳቀስም። ለሁለት ተጠቅልለንበት ተቃቅፈን አደርን።

ጠዋት ደግሞ ሒሳቡ መጣ። ቀኑ ዓርብ ነው። እማዬ ረቡዕና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ይህን ስለማውቅ ክፍሉን ስይዝ ቁርስ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምንፈልግ ጽፌ ነበር። የሁለት ሰው አስከፈሉን፤ ለእያንዳንዱ አሥራ አራት ዩሮ። የጻፍኩትን ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁ። የተቀመጠችው ልጅ «ሲስተሙ ነው እንዲህ ያወጣው» አለች። እንዲህ ያለ መልስ ደሜን ያፈላዋል። ሰው ያጠፋውን ሰው ማስተካከል ሲችል ለምን በማሽን ይሳበባል? ልቀጥል ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ተይው የኔ ልጅ። በዓርብ ምድር ነገር አታብዢ።» ከፍለን ወጣን።

ወደ ግንቡ ከባቡር ጣቢያው አውቶቡስ አለ። እማዬ ግን በእግር ካልሆነ አለች። «ግሸንን የወጣሁ ሰው ይሄ ያቅተኛል?» እውነቷን ነው። በወጣትነቷ ለመስከረም ሃያ አንድ ግሸን ማርያም ወጥታለች፤ እስከ ዛሬ ስታወራው ዓይኗ ይበራል። ጉልበቷ ግን የያኔው አይደለም። መንገዱ በዱር ውስጥ ነው። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። መሬቱ እርጥብ ቅጠል ለብሶ ያንሸራትታል። ለደህና እግረኛ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን።

እኩሌታው ላይ እማዬ አንድ ግንድ ላይ ቁጭ አለች። ደክሟታል፤ ግን አትናገርም። በዚያ ቅጽበት ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት ከላይ ቁልቁል መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቀይ ሻርፕ ያደረጉ። ቆመው እማዬን አዩዋት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ የያዙትን ከዘራ ለእማዬ ዘረጉላት። «እኔ ቁልቁለቱን ያለሱም እችለዋለሁ» አሉኝ በጀርመንኛ። «ስትመለሱ አህዮቹ የሚቆሙበት አጥር ላይ አስደግፉልኝ። ነገ ጠዋት ስወጣ እወስደዋለሁ።» እማዬ ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷታል። ብድግ ብላ እጃቸውን ጨበጠች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እናቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት» አለቻቸው በአማርኛ። እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ወረዱ። የከዘራው እጀታ ከመያዝ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። እንግዳ ለሆነ ሰው የዕለት መደገፊያን አውጥቶ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። የማደሪያው ብስጭት ከላዬ ላይ የወረደው እዚያ ጋ ነው።

አህዮቹ ከግንቡ ሥር ናቸው። ልጆችን በአህያ ጭኖ እስከ በሩ ማድረስ እዚህ የቆየ ልማድ ነው። ጸጉራቸው ተበጥሮ፣ ሰኮናቸው ተከርክሞ ቆመዋል። እማዬ አንዷን ረጅም ሰዓት አየቻት። «የእኛዎቹ እንዲህ ያለ ጌታ ቢያገኙ» አለችና ጆሮዋን አከከችላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት አጭር ነው። ተንቀሳቃሽ ድልድይ በነበረበት በኩል ተሻግረን በሩን ገባን። ቦታው እንደጠበቅሁት ሰፊ ግቢ አይደለም። ኮረብታው ራሱ ጠባብ ነው፤ ግንቡም እንደ ኮረብታው ረጅምና ቀጭን ሆኖ ተሠርቷል። ሁለት ግቢ አለው። በመጀመሪያው በእንጨትና በጭቃ የተዋቀሩ ቤቶች አሉ። ሁለተኛው ላይ ዋናው የድንጋይ ቤተ መንግሥት ይቆማል። መጨረሻው ጫፍ ላይ የደቡቡ ማማ።

ስለ አመሠራረቱ የሚተረከው ነገር ደስ ይላል። ሉድቪግ የሚባል መስፍን በ1067 ለአደን ወጥቶ ኮረብታውን አየና ወደደው። ችግሩ መሬቱ የእሱ አይደለም። እንደ አፈ ታሪኩ ከራሱ ርስት አፈር አስጭኖ ኮረብታው ላይ አስደፋ። ከሳሾች ሲመጡ አሥራ ሁለት ባላባቶች ሰይፋቸውን አፈሩ ላይ ተክለው፣ የቆምንበት መሬት የሉድቪግ ነው ብለው ማሉ። አፈሩማ የእሱ ነው! ይህን ለእማዬ ስተረጉምላት ከልቧ ሳቀች። አያቴ ዕድሜውን በሙሉ በርስት ክርክር የጨረሰ ሰው ስለነበር እንዲህ ዓይነቱን ብልሃት ከሰው በላይ ታውቃለች። «ይሄ ሰውዬ ጎጃም ቢወለድ ኖሮ አገሩን ሁሉ ይወርሰው ነበር» አለች። ተረቱ ተረት ነው። ግንቡ በጽሑፍ የተጠቀሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1080 ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ ብዙም አይርቅም።

ዋናው ቤተ መንግሥት የተሠራው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የሚጎበኘው በአስጎብኚ ነው። መግቢያው ለአንድ ሰው አሥራ ምናምን ዩሮ ነበር። አስጎብኚያችን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግን ይሮጣል። ቡድናችን ትልቅ ነው። እኔ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለእማዬ ተርጉሜ ሳልጨርስ እሱ ቀጣዩ ክፍል ደርሷል። ይህ በጣም አናደደኝ። ለስምንት መቶ ዓመት የቆመን ቤት በአርባ ምናምን ደቂቃ ማስሮጥ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ተናገረና አከበርኩት። የምናየው ሁሉ የመካከለኛው ዘመን አይደለም። ገጣሚው ጎተ በ1777 ሲመጣ ቦታው ብዙ ክፍሉ ያረጀና የተጎሳቆለ ነበር። ከ1838 ጀምሮ መስፍን ካርል አሌክሳንደር ግንቡን አሳደሰው። ሥራው አሥርተ ዓመታት ወሰደ። መስቀል የተተከለበት ትልቁ ማማ፣ የተንቆጠቆጠው የግብዣ አዳራሽ፣ የግድግዳው ሥዕሎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ከታች ያሉት ምሰሶዎችና በጭንቅላታቸው ላይ የተቀረጹት አንበሶችና ንስሮች ግን ከጥንቱ የተረፉ ናቸው። ዩኔስኮ በ1999 የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የተቀበለው። ይህን ካወቁ በኋላ ማየት ይቀላል። ዓይን የቱ ጋ መቆም እንዳለበት ያውቃል።

እማዬ የቆመችው ግን በአዲሱ ላይ ነው። የኤልሳቤጥ ክፍል ይባላል። ገና ስትገባ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። ጣሪያውና ግድግዳው በሙሉ በወርቅ ቀለም በሚያንጸባርቁ ጥቃቅን የመስታወት ቁራጮች ተሸፍኗል። ቁራጮቹ ከሚሊዮን ያልፋሉ። የተሠራው ከ1902 እስከ 1906፣ በቄሣር ቪልሄልም ዳግማዊ ትእዛዝ ነው። በቅርብ ሳየው አንዱ ቁራጭ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። አንድ ወጥ ሆኖም አልተለጠፈም። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ሰው ሲራመድ ብርሃኑ አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው። እማዬ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ እያለች ስታየው ቡድኑ ጥሎን ሄደ። እኔም አልተከተልኩም።

በግድግዳው ላይ ያለው የኤልሳቤጥ ሕይወት ነው። በ1207 ተወለደች፤ የሃንጋሪ ንጉሥ ልጅ ናት። በአራት ዓመቷ ለጋብቻ ታጭታ ወደ ቱሪንገን መጣች። በአሥራ አራት ዓመቷ መስፍኑን ሉድቪግ አራተኛን አገባች። በ1226 ረሃብ ሲገባ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ አስከፍታ ለድኃ አደለች። ከግንቡ ሥርም ለበሽተኞች ማረፊያ አሠራች። በማግሥቱ ዓመት ባሏ ወደ መስቀል ጦርነት ሲሄድ ጣሊያን ላይ ሞተ። እሷም ቫርትቡርግን ለቃ ማርቡርግ ሄደች። እዚያ ሆስፒታል አቋቁማ በሽተኞችን በገዛ እጇ ስታስታምም በ1231 ዐረፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በ1235 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰየመቻት።

ስለ እሷ በሰፊው የሚነገረው የጽጌረዳው ተአምር ነው። ለድኆች ዳቦ ደብቃ ስትወርድ ተይዛ፣ ቅርጫቷ ሲገለጥ ዳቦው አበባ ሆኖ ተገኘ ይባላል። ይህን ስነግራት እማዬ ምንም አልገረማትም። «ታዲያስ» አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ሌላ ነበር። «ልጆቿስ?» ሦስት እንደነበሯት ነገርኳት። «ወይ ልጅት» ብላ ዝም አለች። እኔ የቅድስናዋን ታሪክ ነበር የማነበው። እማዬ ባሏ የሞተባትን የሃያ ዓመት እናት ነው ያየችው።

በዚያው ሕንፃ የዘፋኞች አዳራሽ አለ። በ1206 ገደማ ታላላቅ ባለቅኔዎች በዚህ ቤት ተወዳደሩ፣ የተሸነፈው አንገቱ ሊቀላ ነበር ይላል አፈ ታሪኩ። የሙዚቃ ደራሲው ቫግነር በኦፔራው ያስታወሰው እሱን ነው። አዳራሹ ውብ ነው፤ እኔን ግን ብዙም አልያዘኝም። ላይኛው ትልቁ አዳራሽ ደግሞ በጥቅምት 1817 አምስት መቶ ያህል ተማሪዎች ተሰብስበው የጀርመን አንድነት የጠየቁበትን ቀን ያስታውሳል። ጀርመኖች በዚህ በጣም ይኮራሉ። ተማሪዎቹ በዚያው ቀን ማታ የጠሏቸውን መጻሕፍት በእሳት እንዳቃጠሉም ሊዘነጋ አይገባም።

አሁን ወደ ሉተር። በ1521 በቮርምስ ከተማ ጉባኤ ላይ፣ የሮማን ቤተ ክርስቲያን ተቃውመህ የጻፍከውን ካድ ሲባል እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ያገኘው ሁሉ ሊይዘው የሚችል ሰው ሆነ። ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ጫካ ውስጥ ፈረሰኞች አፈኑት። አፈናው የውሸት ነበር። ያዘጋጀው ጠባቂው የሳክሶኒው መስፍን ፍሬድሪክ ነው። ሌሊቱን ቫርትቡርግ አደረሱት። መነኩሴው ጢምና ጸጉሩን አሳደገ፣ ሰይፍ ታጠቀ፣ ዮርግ የሚባል ባላባት ሆነ። አሥር ወር ያህል እንዲህ ኖረ። ለጓደኞቹ ሲጽፍ ቦታውን «የወፎች አገር» ይለው ነበር፤ አንዳንዴም «የእኔ ፍጥሞ» ይለዋል። ፍጥሞ ስል እማዬ ቀና አለች። የዮሐንስን ራእይ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። «ታዲያ እሱም ተሰዶ ነው የጻፈው በይኛ» አለች።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳዋ በሳንቃ ተለብዷል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ምድጃ። ከጠረጴዛው ሥር እግር ማሳረፊያ የነበረ የዓሣ ነባሪ አጥንት አለ። ያሁኑ ጠረጴዛ ሉተር የጻፈበት አይደለም። ያኛውን ጎብኚዎች እየሸረፉ ጨርሰውታል። ሰይጣን መጥቶበት ቀለም ወረወረበት የሚባለውን ምልክትም እንዲሁ ከነልስኑ ፍቀው ወስደውታል። ከምድጃው አጠገብ ግድግዳው ተገምጦ ይታያል። ሰው የሚያከብረውን ቦታ በማክበር ብዛት እንዲህ ያፈርሰዋል።

እዚህች ክፍል ውስጥ ሉተር በታኅሣሥ 1521 ጀምሮ፣ በአሥራ አንድ ሳምንት ገደማ፣ አዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ ጀርመንኛ መለሰ። በመስከረም 1522 ቪተንበርግ ታተመ። ገበሬውም ነጋዴዋም በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ ቻሉ። እኔ ይህን ስራ አከብራለሁ። እማዬ ዘወትር የምታነበው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ስለሆነ ነው ውስጧ የገባው። የእኛም ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የታተመው በ1840 ነው፤ መሠረቱ አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ተቀምጠው የደከሙበት ትርጉም ነው። እሳቸውም ከአገር ርቀው ነው የሠሩት። ክፍሏ ውስጥ ቆሜ እሳቸውን አሰብኩ። ስማቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ብዙው ጎብኚ ከዚህ ወጥቶ ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ። እኛ ወደ ደቡቡ ማማ ሄድን።

ማማው ከዙሪያው ሜዳና ጫካ ሌላ ምንም የሚያሳይ አይመስልም። ውስጡ ወለሉ ላይ ግን ቀዳዳ አለ። ቁልቁል ስታዩ ጉድጓድ ነው። መስኮት የለውም፤ በር የለውም። እስረኛ የሚወርደው በገመድ ነበር። በዚህ ጉድጓድ ከ1540 እስከ 1548 አንድ ገበሬ ታስሮ ሞቷል። ስሙ ፍሪትዝ ኤርበ ይባላል። በአቅራቢያው ካለች ሄርዳ ከምትባል መንደር ነው።

ጥፋቱ አናባፕቲስት መሆኑ ነው። ሕፃን አይጠመቅም፣ ሰው የሚጠመቀው አምኖ ሲቀበል ነው አለ። ልጁንም አላስጠምቅም አለ። አካባቢውን ሁለት ገዥዎች በጋራ ነበር የሚያስተዳድሩት። የሳክሶኒው መስፍን ይገደል አለ። የሄሰኑ መስፍን ፊሊፕ ሰው በእምነቱ አይገደልም አለ። ስለዚህ አልገደሉትም፤ አልፈቱትምም። ከ1533 ጀምሮ መጀመሪያ አይዘናኽ ከተማ ውስጥ ባለ ማማ አሰሩት። ሰዎች ሌሊት ሌሊት እየመጡ ከውጭ ያነጋግሩት፣ ያጽናኑት ጀመር። ይህ ሲታወቅ ሰው ወደማይደርስበት፣ ወደ ቫርትቡርግ አወጡት። ቃሉን እንዲክድ መምህራን እየመጡ ጠየቁት። አልካደም። ከ1533 እስከ ሞቱ ሲቆጠር አሥራ አምስት ዓመት ያህል ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ስሙ ተጭሮ ተገኝቷል።

አሳሪዎቹ የሉተር ተከታዮች ናቸው። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ከማማው እስከ ሉተር ክፍል ግቢውን በእግር ማቋረጥ ነው። በአንዱ ጫፍ ኅሊናዬን አልክድም ያለ ሰው ተሸሸገ፤ ምግብ፣ መጽሐፍና ምድጃ ተሰጠው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ በሌላው ጫፍ ያንኑ ቃል ያለ ሰው ጉድጓድ ወረደ። ሉተርም አያውቅም እንዳንል፣ አናባፕቲስቶች በሞት ሊቀጡ ይገባል የሚለውን፣ የሥራ ባልደረባው ሜላንክቶን ያዘጋጀውን የ1536 ጽሑፍ እሱም ፈርሞበታል።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ሉተር በደስታ ነው የተቀበለው። የሥርዓት ልዩነት ቢኖርም በእምነት አንድ ነን የሚል የድጋፍ ደብዳቤም ሰጥቶ ሸኝቶታል። ይህን ታሪክ ስናወራ እንኮራበታለን፤ መኩራትም ይገባናል። ግን በዚያው ዓመት ፍሪትዝ ኤርበ አይዘናኽ ማማ ውስጥ ታስሮ ነበር። ከሩቅ ለመጣው እንግዳ የተዘረጋው ልብ ለጎረቤቱ ገበሬ ለምን እንደጠበበ እኔ መልስ አላገኘሁለትም። ስቆጣ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆም አልኩ። እኛም ዘንድ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንጉሥና ለሥዕል አንሰግድም በማለታቸው ምን እንደደረሰባቸው ተጽፏል። የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆችም ግሸን አምባ ላይ ታስረው አርጅተዋል። ከፍታ ያለው ቦታ ሁሉ ለጸሎትም ለእስርም የተመቸ ነው።

እማዬ ቀዳዳው ጋ ከዘራውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የሕፃን ጥምቀትን አይቀበልም ነበር ስላት ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። እሷ ልጆቿን ሁሉ በአርባና በሰማንያ ቀን ያስጠመቀች ሰው ናት። ትንሽ ቆየችና፣ «ይሳሳት። ቢሳሳትስ፣ ሰው በጨለማ ይጣላል?» አለች። «ነፍስ ይማር» ብላ አማተበች።

ስንወርድ ከዘራውን አጥሩ ላይ አስደገፍነው። እማዬ የጾም ብስኩት ከቦርሳዋ አውጥታ እጀታው ላይ በመሐረብ አሰረችላቸው። ምሳ ከተማ ውስጥ የተጠበሰ ድንችና ሰላጣ በላን፤ ውድ አልነበረም፣ ጨው ግን በዝቶበታል።

የመመለሻ ባቡራችን ዘግይቶ ማታ ገባን። በአቅራቢያው ያለችውን ጎታ የምትባል ከተማ ማየት አልቻልንም። ቀጣዩ ጉዞዬ እዚያ ነው። ከአይዘናኽ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍኑ ግብዣ መጥተው ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የሠሩት በጎታው ቤተ መንግሥት ነው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከሳቸው በተማረው ላይ የቆመ ነው። ከቫርትቡርግ ጋር በአንድ ጉዞ ይታያል፤ ለዚያ ግን ሌሊቱን ማሞቂያ ያለው ቤት ማደር ይጠይቃል።

ቫርትቡርግ ለምትሄዱ የምመክረው፣ ደቡቡን ማማ መጀመሪያ እዩት። ከዚያ የሉተርን ክፍል። ድጋሚ ስሄድ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው።